የተጨመሩት ስድስት ዓመታት

የጆኒ ሚኒባስ ከተፍኪ ሲነሳ የኦቦ ደገፋ አንድ እግር ገና ውጭ ነበር። በሩን ስበው ዘጉ፣ ዱላቸውን በጉልበቶቻቸው መሃል አቆሙ፣ ካፖርታቸውን ሰበሰቡና ጋቢናው ውስጥ ተመቻቹ። ወዲያው ግን እንደገና ተነቃነቁና እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱ። ወረቀቱ አለ። አውጥተው አዩት፣ በእጥፋቱ አጠፉት፣ መልሰው ከተቱት። ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር፤ መኪናው ገና የከተማዋን የመጨረሻ ቤት እንኳ አላለፈም።

«አባባ፣ ቪዛ ነው እንዴ እንዲህ የሚያሳስብዎት?» አለ ጆኒ ማርሽ እየቀየረ።

ኦቦ ደገፋ አልሳቁም። አጠገባቸው የተቀመጡት አቶ ወርቁ፣ የተፍኪው ባለ ወፍጮ፣ በእሳቸው ፋንታ ሳቁለት።

የዕርቅ ወረቀት ነበር። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በኦቦ ደገፋ ግቢ፣ ከግራሩ ሥር፣ ሰባት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያስጻፉት። በዳይ ጋሮማ፣ ተበዳይ ገለቴ። ጋሮማ የኦቦ ደገፋ የክርስትና ልጅ ነው። ሱሉልታ ላይ በተከራየው ቤት ልጃገረዶች እየሰበሰበ ወደ አረብ አገር ሲልክ ኖሯል ተብሎ ሚያዝያ ላይ ተይዞ ሰበታ ታስሯል። ስለዚህ ለዕርቁ የቀረበችው እናቱ ነበረች፤ እርጥብ ሣር ይዛ፣ መሬት ላይ ተንበርክካ። በዚህ አገር ሣር ይዞ የመጣን ሰው ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ኦቦ ደገፋ ሣሩን ተቀበሉ። ጋሮማ ከላካቸው መካከል ተመልሳ ቃሏን የሰጠች ገለቴ ብቻ ነበረች፤ ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ዐቃቤ ሕጉ ፊት ቀርባ «ታርቄያለሁ፣ ችሎት ገብቼ አልመሰክርም» እንድትል ነው ኦቦ ደገፋና አቶ ወርቁ ይዘዋት የሚሄዱት። ችሎቱ ለአራት ሰዓት ተቀጥሯል።

ሰኔ 2017 ገብቶ የበቾ ሜዳ ጥቁር አፈር መርጠብ ጀምሯል። መንገዱ ዳርና ዳር የተጠመዱ በሬዎች ይታያሉ። ኦቦ ደገፋ በሌላ ቀን ቢሆን የማን እርሻ የት ድረስ እንደታረሰ እያዩ ሲተቹ ይሄዱ ነበር። ዛሬ ዓይናቸው ከኋላ ማሳያው መስተዋት አልነቀል አለ።

መስተዋቱ ውስጥ ገለቴ ከእናቷ ከድንቅቱ ጎን ትታያለች። ትታያለች፣ ደግሞ ትጠፋለች። ሚኒባሱ መንገደኛ ለመጫን በቆመ ቁጥር ልጅቷ ትነሳለች። የሚገባው ሰው ወጣት ይሁን ሽማግሌ፣ ባዶ ወንበር ይኑር አይኑር፣ ጎብጣ ቆማ ቦታዋን ትለቃለች።

«እህት፣ ተቀመጪ እንጂ» አለ ጆኒ። «ትራፊክ ቆመሽ ካየሽ ትርፍ ጫንክ ይለኛል። ግማሹ ባዶ በሆነ መኪና ትርፍ ጫንክ ተብዬ ብቀጣ ጓደኞቼ ምን ይሉኛል?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ገለቴ «እሺ» አለችና ቆማ ቀረች። ድንቅቱ ቀሚሷን ጎትታ አስቀመጠቻት።

አቶ ወርቁ ዘወር ብለው አይተው ወደ ኦቦ ደገፋ ጆሮ ጠጋ አሉ። «ለምዶባት ነው» አሉ። «ይለቃታል።»

ኦቦ ደገፋ ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምተውታል። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። በአያታቸው ግቢ ሶርሳ የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ በልጅነቱ ከሩቅ አገር ተነድቶ መጥቶ የተሸጠ። የነጻነቱ አዋጅ የታወጀው ደገፋ ከመወለዱ አስቀድሞ ነው። ሶርሳን አትሂድ ብሎ የሚከለክለው አልነበረም፤ የሚሄድበት ግን አልነበረውም። ሰው ባለበት ቤት አይቀመጥም። የበሩን መቃን ተደግፎ ይቆማል። ልጁ ደገፋ አንድ ቀን ዱካ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ አምጥቶለት «ታኢ» አለው፤ ተቀመጥ ማለቱ ነው። ሶርሳ «እሺ ጌቶች» አለና ዱካውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ። ደገፋ ሄዶ አያቱን ጠየቃቸው። አያቱ ከሚበሉት ቀና ሳይሉ፣ ለምዶበት ነው አሉት።

ኦቦ ደገፋ በወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። ቅዳሜም ገለቴ ቆማ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲነጋገሩ እሷ ከአጥሩ ሥር ቆማ ነበር። ሦስት ጊዜ «ታኢ፣ ኢንታላ ኮ»፣ ተቀመጪ ልጄ፣ ብለዋታል። ሦስቱንም ጊዜ እሺ ብላለች። ከዚያ ይቅር ትያለሽ ወይ ተባለች፤ እሺ አለች። ክሱን ትተያለሽ ወይ ተባለች፤ እሺ አለች። ጋሮማ ጥጃ ያላት ላም ይክስሽ ተባለ፤ እሺ አለች። ሽማግሌዎቹ ጨዋ አሳደግሽ ብለው ድንቅቱን መረቋት። ሰው ከተበተነ በኋላ ኦቦ ደገፋ ወንበሮቹን ሲሰበስቡ ለገለቴ የቀረበው ዱካ ላይ ከግራሩ የረገፉት ቅጠሎች ሳይነኩ አገኟቸው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አርፈው አልተቀመጡም። ያ ሁሉ እሺ አንድ እንደነበረ፣ መቀመጡንም ይቅርታውንም በአንድ ድምፅ እንዳለችው ነው የታያቸው።

በዚያ ላይ መታወቂያው ነበር።

መስከረም 2015 ላይ ድንቅቱ ልጇን ይዛ መጣች። ቀበሌው የልደት ወረቀት ለሌለው ሰው መታወቂያ የሚሰጠው ሦስት የአገር ሽማግሌዎች ዕድሜውን ሲመሰክሩ ነው። ኦቦ ደገፋ በዘመናቸው ለስንቱ መስክረዋል። ኳስ ለሚጫወት ልጅ ሁለት ዓመት ቀንሰዋል፣ ፋብሪካ ለሚቀጠር ሦስት ጨምረዋል። ማንም ይህን ውሸት ብሎ አያውቅም፤ ሽማግሌ ለአገሩ ልጅ ከሚያደርገው ደግ ሥራ አንዱ ነበር። ጋሮማ አስቀድሞ ለድንቅቱ ሃያ ሁለት ይበሉላት ብሎ ነግሯት ነበር። ኦቦ ደገፋ፣ አቶ ወርቁና ዱቤ የሚባል ሌላ የአገር ሽማግሌ ሄደው ሃያ ሁለት አሉ። ኦቦ ደገፋ ነበሩ የተናገሩት፤ ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቷ ጉልበታቸውን ሳመች። ይቅናሽ ብለው መረቋትና ወደ ሽንብራቸው ተመለሱ።

እሷ ከሄደች በዓመቱ ቡራዩ አዳራሽ ውስጥ ሥልጠና ተሰጠ። ስለ ሰው ንግድ ነበር። አሠልጣኙ አገሮች ሁሉ ተሰብስበው ስለ ፈረሙት ውል ሲናገር ኦቦ ደገፋ ስለ መርከብና ስለ ሰንሰለት የሚያወራ መስሏቸው ነበር። ማይክራፎን ሲሰጣቸው ተነስተው፣ ልጆቻችንን እንጠብቅ ብለው ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸው። ከሁለተኛው ረድፍ አጥብቆ ያጨበጨበው ጋሮማ ነበር። የተፍኪን ሽማግሌዎች ወደ ሥልጠናው በመኪናው ያመጣቸውም እሱ ነው። ሲወጡ ለሁሉም ሰማያዊ ኮፍያ ታደለ፤ ግንባሩ ላይ «ሰው ሸቀጥ አይደለም» የሚል ተጽፎበታል። ጥሩ ኮፍያ ነው፣ ፀሐይ ይከላከላል። ኦቦ ደገፋ ዛሬም አድርገውታል።

ሰበታ መግቢያ ሲደርሱ መንገዱ ተዘጋ። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ አክስሉ ተሰብሮ መሃል መንገድ ቆሟል፤ ባጃጆች በግራ በቀኝ እየተሽሎከለኩ የቀረውን ክፍተት ደፍነውታል። ጆኒ ሞተሩን አጠፋና ባጃጅ የሚባል ነገር የፈጠረውን ሰው ረጋ ባለ ድምፅ መራገም ጀመረ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወረዱ። አቶ ወርቁ ኦቦ ደገፋን በክንዳቸው ይዘው ከአንድ የሲሚንቶ መደብር ጥግ ወሰዷቸው።

«ኦቦ ደገፋ፣ ምናልባት ዐቃቤ ሕጉ ስለ መታወቂያው ቢጠይቀን፣ አንድ ቃል መሆን አለብን።»

«ምን ብለን?»

«ዕድሜዋን የተናገረው ዱቤ ነው እንላለን። እኛ እሱን አምነን ፈረምን።»

«ዱቤ ሞቷል።»

«ለዚሁ እኮ ነው። ማን ይከሰዋል? ነፍሱን ይማርና፣ ቢኖር ኖሮ ራሱ በእኔ አሳብቡ ይለን ነበር። አያውቁትም እንዴ?»

ያውቁታል። አቶ ወርቁ ያሉት እውነት መሆኑ ነበር ክፋቱ። ዱቤ ባለፈው ጾም እስኪሞት ድረስ የሰው ሸክም ሲያይ ዝም ብሎ አልፎ አያውቅም። ኦቦ ደገፋ በዱላቸው ጫፍ ጭቃውን ይጭሩ ጀመር።

ድንቅቱ ከሚኒባሱ ወርዳ ወደ እነሱ መጣች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ አፈረች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው። ገለቴ ጠምቷታል፤ «ልጠጣ ወይ? ሽማግሌዎቹን ጠይቂልኝ» ብላኛለች አለች።

«ውሃ የላትም?» አሉ ኦቦ ደገፋ።

«አላት እንጂ ኦቦ። ከቤት ይዛው የመጣችው አለ።»

ኦቦ ደገፋ ወደ መኪናው አዩ። ልጅቷ የላስቲክ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ፣ በመስኮቱ በኩል ታያቸው ነበር። ፊታቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነው የምታየው። ራሳቸውን ነቀነቁላት። ክዳኑን ከፍታ ሁለት ጊዜ ተጎነጨች፣ መልሳ ዘጋችው፣ የቀረውን በዓይኗ ለካች።

«በቤትም እንዲሁ ናት» አለች ድንቅቱ። «ሽንት ቤት ልሂድ ወይ ትለኛለች፣ እኔን እናቷን። መጀመሪያ ያሾፈች መስሎኝ ሳቅሁባት።»

መንገዱ ተከፈተ። ከዚያ እስከ ፍርድ ቤቱ ኦቦ ደገፋ ወረቀቱን አላወጡም፤ እጃቸው ግን ከደረታቸው አልወረደም።

ዐቃቤ ሕጉ ሕዝቅያስ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ክራቫቱን ያላላ ልጅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቢሮው ሲገቡ ብድግ አለ፤ ሁለቱን ወንበሮች ለእነሱ ሰጠ፤ ድንቅቱን ግድግዳው ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ አስቀመጣት። ገለቴ በሩ ጋ ቆመች። ኦቦ ደገፋ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ። ሕዝቅያስ የኮፍያውን ጽሑፍ አንብቦ እጁን ለወረቀቱ ዘረጋ።

የዕርቁን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበው። ሽምግልናውን እንደሚያከብር፣ ይህ ወንጀል ግን ሰዎች ታርቀው የሚዘጉት እንዳልሆነ በትሕትና ነገራቸው። ሆኖም ልጅቷ ካልመሰከረች ክሱ አቅም አይኖረውም፤ ብትመሰክርም አንድ እንቅፋት አለበት። ከፋይሉ ውስጥ የመታወቂያውን ቅጂ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አዞረው።

«እዚህ ላይ ስትሄድ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር ይላል። ጠበቃው ለአካለ መጠን ደርሳ፣ ወዳ ሄደች ብሎ ይከራከራል። ልጅ ከነበረች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልጅ እሺ ብትልም ሕጉ እሺታዋን አይቆጥርባትም።» ወደ በሩ ዞረ። «ገለቴ፣ ታርቀሻል?»

«እሺ።»

«እሺ በይ አላልኩሽም። እየጠየቅኩሽ ነው።»

ልጅቷ እናቷን አየች፣ አቶ ወርቁን አየች፣ የሕዝቅያስን እጅ አየች። «እሺ» አለች እንደገና።

ሕዝቅያስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ መጀመሪያ የሰጠችውን ቃል ከፋይሉ ያነብላቸው ጀመር፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። በሃያ ወር ውስጥ ሦስት ቤት ተዘዋውራለች። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዛውሯት ወዴት እንደምትሄድ አልተነገራትም። ፓስፖርቷ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባታል። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ትተኛ ነበር፤ በሩ የሚከፈተው ከውጭ ነው። ውሃ ስትጠጣ እንኳ አስፈቅዳ ነበር። ደመወዝ አላየችም።

«በእኛም ሕግ፣ አገሮች በተስማሙበት ውልም ስሙ አንድ ነው» አለ። «ባርነት ይባላል።»

አቶ ወርቁ በለሆሳስ «ኧረ!» አሉ፤ ቃሉ የበዛባቸው ይመስላል። ኦቦ ደገፋ ግን ወደ በሩ ዞሩ። ገለቴ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች፤ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«መታወቂያው ሲወጣ ዕድሜዋን የመሰከሩት እናንተ ናችሁ» አለ ሕዝቅያስ። «ሦስት ስም አለ። ማን ነው ሃያ ሁለት ያለው?»

«ዱቤ የሚባል ነበር» አሉ አቶ ወርቁ ፈጠን ብለው። «ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር።»

«ዱቤ ቃሬዛ ነው የተሸከመው» አሉ ኦቦ ደገፋ።

ሽማግሌው የዘባረቁ ነበር የመሰለው። አቶ ወርቁ በእግራቸው ነካ አደረጓቸው፤ ኦቦ ደገፋ እግራቸውን አሸሹ።

«ነሐሴ 1998 አዋሽ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ሲሸፍነው፣ የዚህች እናት ምጥ ይዟት ቤቷ ጣሪያ ላይ ነበረች። ዱቤና እኔ ቃሬዛ ሠርተን ገባን። ዱቤ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ውሃው እዚህ ድረስ ነበር።» ደረታቸውን፣ ወረቀቱ የነበረበትን ኪስ ነኩ። «አስፋልቱ ላይ እንዳደረስናት ወለደች፤ የቆመ መኪና ሥር፣ የቡሄ ዋዜማ ዕለት። ገለቴ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ምስጋና ማለት ነው። ይህችን ልጅ የተወለደችበትን ሰዓት ሳይቀር አውቃለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሃያ ሁለት ያልኩት እኔ ነኝ።»

ድንቅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አጎነበሰች።

ሕዝቅያስ ወዲያው አልጻፈም። «አባቴ፣ ይህን ከጻፍኩት እርስዎም በሐሰት ምስክርነት ይጠየቃሉ። እኔ ልተወው ብልም አልችልም። ገብቶዎታል?»

«ጻፈው።»

«ኦቦ ደገፋ» አሉ አቶ ወርቁ። ተነስተው ቆመው ነበር። «ለጋሮማ እናት ምን ልንላት ነው? ሣሯን ተቀብለናል።»

«እኔ ነኝ የተቀበልኩ። እኔ እመልስላታለሁ።»

«ተቀብሎ የመለሰ ሽማግሌ አይተው ያውቃሉ? ከእንግዲህ ማን ለዕርቅ ይጠራዎታል?»

ኦቦ ደገፋ ይህንን ከቅዳሜ ጀምሮ ሲያሰላስሉት ነበር የሰነበቱት። አርባ ዓመት ያህል የተፍኪ ሰው ሲጣላ፣ ድንበር ሲገፋፋ፣ ባልና ሚስት ሲኮራረፉ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሳቸው በር ነበር። ከዛሬ በኋላ ማንም አያንኳኳውም። በእጃቸው ለሕዝቅያስ ጻፍ የሚል ምልክት ሰጡ። አቶ ወርቁ በገለቴ ጎን አልፈው ወጡ። ልጅቷ መንገድ ለቀቀችላቸው።

ሕዝቅያስ ጽፎ ጨረሰና አነበበላቸው። ኦቦ ደገፋ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በተማሩት ፊደል፣ አንድ አንዱን እየለዩ ስማቸውን ጻፉ። የዕርቁን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ኪሳቸው ከተቱት። ጸሐፊ መጥታ ችሎቱ ሊሰየም ነው ስትል ሁሉም ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

ኮሪደሩ ባለጉዳይ ሞልቶታል። በችሎቱ በር አጠገብ አንዲት አግዳሚ አለች፤ ጫፏ ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ ሽማግሌውን ሲያይ ብድግ ብሎ «አባባ፣ ይቀመጡ» አላቸው። ኦቦ ደገፋ አመስግነው ዱላቸውን ተደግፈው ሊቀመጡ ሲያጎነብሱ ድምፅ ሰሙ።

«ያን ጊዜ ያውቁ ነበር?»

ገለቴ ነበረች። ከእሺ ሌላ ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰሙት ገና አሁን ነው። ቀና አሉ።

«አውቅ ነበር።»

«ስድስቱን ዓመት?»

«ስድስቱንም።»

ይቅርታ ሊጠይቋት አሰቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ይቅር እንዲል ሲያባብሉ ኖረዋልና ቃሉን ያውቁታል። ግን እሺ ትላቸዋለች። ተዉት።

ልጅቷ ፊታቸውን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በዱላቸው ፊት አለፈችና ለእሳቸው በተለቀቀው ቦታ ላይ ተቀመጠች። ጠርሙሱን ከፍታ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

«ገለቴ!» አለች ድንቅቱ ደንግጣ። «ተነሺ፣ ኦቦ ቆመው!»

ገለቴ እሺ አላለችም። ባዶውን ጠርሙስ አግዳሚው ሥር አስቀመጠች። ቦታውን የለቀቀው ጎልማሳ ግራ ተጋብቶ አንዴ እሷን አንዴ ሽማግሌውን ያያል።

«ተያት» አሉ ኦቦ ደገፋ።

የችሎቱ በር ተከፍቶ አንድ ፖሊስ የጋሮማን ስም ጠራ። ሰው ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ። ኦቦ ደገፋ ለሚያልፈው መንገድ ለቀው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ የበሩን መቃን ተደግፈው ቆሙ።